ሦስተኛው ረድፍ ለማን ነው?

ስለ ሕግና ስለ ሥልጣን ስጽፍ የለመዳችሁኝ ሰው ዛሬ ስለ መኪና ልጽፍ መነሣቴን ስታዩ «ምነው፣ ወግ አለቀበት እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አላለቀብኝም። እ.ኤ.አ. በ2025 ከሚያዝያ እስከ መስከረም ድረስ ቅዳሜዬን ሁሉ የበላው ባለሦስት ረድፍ መካከለኛ ኤስ.ዩ.ቪ. የመምረጥ ጉዳይ ነበር። ነገሩ እየቆየ ሲሄድ ግን የማወዳድረው መኪና ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሃምሳ ዓመት የሞላው አንድ ሕግ በየቤቱ ደጃፍ እንዴት ቆሞ እንደሚያድር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁምና እስቲ ታገሡኝ።

የቤታችን ሁኔታ ይህ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ነው። እኔና ባለቤቴ፣ የ14 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ፣ ገና በሕፃን መቀመጫ የምትታሰር የ4 ዓመት ልጅ፤ አምስት ነበርን። አምስት ሰው ለምትይዝ አሮጌ ሴዳን ልክ ነበርን። ከዚያ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን መኖር ስትጀምር ስድስት ሆንን። እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንነሣ ወይ ሁለት መኪና እናስነሣለን፣ ወይ አንድ ሰው ይቀራል። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቆማ ያደረችን ሴት ሁለተኛውን መኪና ንጂ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ይቀራል። የሚቀረው ማን እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እጸልያለሁ» ትላለች። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላት፣ አዲስ አበባ ሳለች እሑድ ቅዳሴ አልፏት የማያውቅ ሴት በወንበር ቁጥር ምክንያት ቤት ስትቀር ማየት ደስ አይልም።

የመኪና ገምጋሚዎችን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርሁ። ሁሉም የሚጀምሩት ከመሪው ጀርባ ነው። ስክሪኑ ስንት ኢንች ነው? ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? ቆሞ ከነበረበት ተነሥቶ 60 ማይል ፍጥነት ላይ በስንት ሴኮንድ ይደርሳል? ሦስተኛው ረድፍ የሚደርሰው ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ «ለልጆች ይበቃል» የሚል ነው። ለየትኛው ልጅ? እስከ ስንት ሰዓት መንገድ? የሚል ጥያቄ የለም። ሰው ባለሦስት ረድፍ መኪና የሚገዛው ለሦስተኛው ረድፍ ሲል ሆኖ ሳለ ገምጋሚው ዕቃውን ገልብጦ ያነባል። እኔ ከኋላ ተነሥቼ ወደ ፊት ልምጣ አልሁ።

«ስምንት ሰው ይይዛል» የሚለው የአምራቾች ማስታወቂያ የአዲስ አበባን ወያላ ያስታውሰኛል። ወያላ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል» ሲል ቦታ አለ ማለቱ አይደለም፤ ልኩ የተሳፋሪው ጉልበት ሳይሆን የሚሰበስበው ሒሳብ ነው። ወያላው ግን ቢያንስ ዐይን ዐይናችሁን እያየ ነው የሚናገረው፤ መልስም ልትሰጡት ትችላላችሁ።

ለእግር የሚተወው ቦታ በኢንች ይለካል። በ2025 ሞዴሎች የቶዮታ ሃይላንደር ሦስተኛ ረድፍ 28 ኢንች ያህል ነው። ኪያ ቴሉራይድና ወንድሙ ሀዩንዳይ ፓሊሴድ 31.4፣ ሱባሩ አሰንት 31.7፣ ሆንዳ ፓይለት 32.5፣ ቶዮታ ግራንድ ሃይላንደር 33.5፣ ቮልስዋገን አትላስ 33.7 ይሰጣሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ልዩነት ስድስት ኢንች አይሞላም። በወረቀት ላይ ምንም ነው፤ በጉልበት ላይ ግን ጉልበትን በፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ተክሎ በመቀመጥና እንደ ሰው በመቀመጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ደግሞም ኢንቹ ርዝመቱን እንጂ የወንበሩን ከፍታ አይናገርም። ብዙዎቹ ላይ ሦስተኛው ረድፍ ከወለሉ ብዙም ከፍ ስለማይል፣ ቡና የምታፈላ ሴት እንደምትቀመጥባት በርጩማ ጉልበት ወደ አገጭ ይወጣል። በርጩማ ላይ እስከ ሦስተኛው ቡና መቀመጥ ይቻላል፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አትላንታ ግን አይቻልም።

ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ የሚቀረው የዕቃ ቦታም እንዲሁ ነው። ሃይላንደር 16 ኪዩቢክ ጫማ፣ ግራንድ ሃይላንደር 20.6፣ ቴሉራይድ 21 ያህል ይተዋሉ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ቁጥር የምንለካበት የራሳችን መለኪያ አለን፤ ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የምንቀበለው እንግዳ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንደኛው በርበሬና ሽሮ፣ ሁለተኛው የሰው አደራ ነው። ሦስቱም ረድፍ ሰው ከያዘ የእንግዳው ሻንጣ የሚያርፈው በተሳፋሪ ጭን ላይ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም እርሱ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ከተደናገጠች በኋላ ኮንግረሱ በ1975 ባወጣው ሕግ እያንዳንዱ አምራች የሚሸጣቸው መኪናዎች በአማካይ በአንድ ጋሎን ሊሄዱት የሚገባ ማይል እንዲወሰን አደረገ። ነገር ግን አሠራሩ መኪናን ለሁለት ከፈለው፤ የመንገደኛ አውቶሞቢልና ቀላል የጭነት መኪና። ለመጀመሪያው ጥብቅ፣ ለሁለተኛው ላላ ያለ መስፈርት ተሰጠ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአውቶሞቢል የሚጠበቀው አማካይ 27.5 ማይል ሲሆን ከቀላል የጭነት መኪና የሚጠበቀው 20.7 ብቻ ነበር። የታሰበው ለገበሬው፣ ለአናጢው፣ ለቧንቧ ሠራተኛው ነበር፤ በጎ ሐሳብ ነው። አምራቾቹ ግን ሕጉን ከገበሬው በተሻለ አነበቡት። ቤተሰብ የሚጭን መኪና በጭነት መኪና ስም ከተመዘገበ መስፈርቱ ይላላል፤ ትርፉም ይሰፋል።

እንዴት ነው የሚመዘገበው? በሮቹ ብዙ ናቸው። ከ2008 ሞዴል ወዲህ ከሚሠራባቸው አንዱ ግን እንዲህ ይላል፦ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ሦስት ረድፍ መቀመጫ ካለውና ከኋላ ያሉት መቀመጫዎች ሲታጠፉ ወይም ሲነሡ ደልዳላ የዕቃ ወለል የሚገኝ ከሆነ፣ የመንገደኛ መኪና ከሚባለው ክፍል ይወጣል። እስቲ ይህን ቀስ ብላችሁ አስቡት። ተጨማሪ ሰው ሊቀመጥበት የተጨመረው ወንበር መኪናውን በሕግ ፊት «የመንገደኛ ያልሆነ» ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ወንበሩ ይታጠፋል። ወንበሩ በሕጉ ዐይን ቁም ነገር የሚሆነው ሰው ሲቀመጥበት ሳይሆን ሰው ሲነሣለት ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ስለ ሕግ ሳስተምር እንዲህ ያለ ዐንቀጽ ብዙም አልገጠመኝም።

አምራቾቹ ሦስተኛውን ረድፍ የጨመሩት ለዚህ ብቻ ነው እያልሁ አይደለም። ልጆች ያሏቸው ሰዎች ይፈልጉታል፤ እኔም አንዱ ነኝ። ሚኒቫኑም ቢሆን፣ በኋላ የምከራከርለት ሚኒቫን፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዚሁ የጭነት መኪና ስም ተጠቅሟል። የምለው ሌላ ነው። ሕግ አውጪው የሚቆጥረው መታጠፉን፣ ሻጩ የሚቆጥረው ቁጥሩን ሲሆን፣ ተቀማጩን የሚቆጥር ሰው ከቤተሰቡ በቀር አይኖርም። በ2025 ሐምሌ ኮንግረሱ መስፈርቱን ለማያሟላ አምራች ይጣል የነበረውን ቅጣት ወደ ዜሮ አውርዶታል። የሕጉ ጥርስ ወልቋል፤ የቀረጸው መኪና ግን ገበያውን እንደሞላ ነው።

የጉምሩኩ ነገር ደግሞ ጨዋታ ነው። ከ1964 ጀምሮ ከውጭ ወደ አሜሪካ የሚገባ ቀላል የጭነት መኪና 25 በመቶ ቀረጥ ነበረበት፤ የመንገደኛ መኪና ደግሞ 2.5 በመቶ። ኤስ.ዩ.ቪ.ው በነዳጅ ሕግ ፊት የጭነት መኪና ነኝ እያለ በጉምሩክ በር ሲደርስ የመንገደኛ ነኝ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ክርክር ተነሥቶ ግምጃ ቤቱ ባለአራት በሮቹን የመንገደኛ ናቸው ብሎ ፈረደላቸው። ግብር ሲጠየቅ አንዴ ክንፉን፣ አንዴ ጥርሱን እያሳየ የሚያመልጠው የተረቱ የሌሊት ወፍ ከዚህ የበለጠ ምን አደረገ? በሚያዝያ 2025 በመንገደኛ መኪናም ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ሲጨመር ይህ ብልሃት ለጊዜው ዋጋ አጣ። በኋላ ለጃፓንና ለኮሪያ በስምምነት ወደ 15 በመቶ ዝቅ ተደረገ። ለገዢ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ ቴሉራይድና ፓሊሴድ መንትያ ናቸው፤ የ2025ቱ ቴሉራይድ ግን ጆርጂያ ይሠራል፣ ፓሊሴድ ከኮሪያ በመርከብ ይመጣል። ማዝዳ ሲ.ኤክስ.-90 ከጃፓን ይመጣል። ፓይለት አላባማ፣ ግራንድ ሃይላንደር ኢንዲያና፣ አትላስ ቴነሲ፣ ኤክስፕሎረር ቺካጎ ይሠራሉ። «የጃፓን መኪና» የምንለው ብዙ ጊዜ የኢንዲያና መኪና ነው።

ሕጉ ያልቆጠረውን ተቀማጭ የደኅንነት ፈተናውም በቅጡ አይቆጥረውም። የፌደራሉ መንግሥት ኮከብ በሚሰጥበት የፊት ለፊት ግጭት ሙከራ አሻንጉሊቶቹ የሚቀመጡት ከፊት ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደጉሙት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ባሻሻለው ሙከራ ከሹፌሩ ጀርባ፣ በሁለተኛው ረድፍ፣ አንዲት ትንሽ ሴት ወይም የ12 ዓመት ልጅ የምታህል አሻንጉሊት አስቀመጠ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። በ2023 ከተፈተኑ 13 መካከለኛ ኤስ.ዩ.ቪ.ዎች ጥሩ ውጤት ያገኙት አራት ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚያ ባለሦስት ረድፍ የሆኑት ኤክስፕሎረርና አሰንት ይገኙበታል። ሃይላንደር፣ አትላስና ትራቨርስ ከመካከለኛ በታች፣ ፓይለትና ፓሊሴድ ደካማ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ቀበቷቸውን ማሻሻል ጀምረዋል፤ ስለዚህ የሚገዛ ሰው የሚገዛውን ዓመት ሞዴል ውጤት ይይ። አንድ አሻንጉሊት ወደ ኋላ መቀመጧ ብቻ አንድን ኢንዱስትሪ ቀበቶ አስለወጠ።

በሦስተኛው ረድፍ ግን እስካሁን የተቀመጠች አሻንጉሊት የለችም። እያንዳንዱን መኪና ስጎበኝ የኋላውን በር ከፍቼ፣ ከራስ ማሳረፊያው እስከ ኋላው መስታወት ያለውን ርቀት በእጄ እለካ ነበር። ከስንዝር ብዙም ያልበለጠባቸው ነበሩ። አሻሻጮቹ ምን እንደምፈልግ ይጠይቁኝ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ አደገኛ ነው አላልሁም፤ አልተለካም ነው ያልሁት። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ግን ልጄን የማስቀምጥበት ሰው እንደመሆኔ ሁለተኛውም በቂ ጭንቀት ነው።

በአንዱ ቅዳሜ ቤተሰቡን በሙሉ ይዤ ሄድሁ። አሻሻጩ ስድስት ሰው ከሁለት መኪና ሲወርድ ሲያይ እንግዳ ተቀብሎ እንደማያውቅ ሰው ደነገጠ። የመጀመሪያው ፈተና ሦስተኛው ረድፍ አልነበረም፤ የመጀመሪያው በር ነበር። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ረጅም ቀሚስ ትለብሳለች፤ ነጠላዋ ከበሩ ጋር ይያያዛል። የቴሉራይዱን ወለል አሻቅባ አይታ «ልጄ፣ ይህ መኪና ነው ወይስ በቅሎ?» አለች። ትንሽ ቆይታም «በቅሎም ብትሆን የሚይዝልኝ ሰው ነበር» ብላ ጨመረች። አሻሻጩ ምን እንዳለች ሲጠይቀኝ ከፍታውን አድንቃለች አልሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሁለተኛው ክርክር የመቀመጫ ድልድል ነበር። እኔ እናቴን ጋቢና፣ ባለቤቴን ከሕፃኗ ጎን፣ ሁለቱን ትልልቅ ልጆች ከኋላ አድርጌ መድቤ ነበር። እናቴ አልተቀበለችም። «ጋቢናው የሚስትህ ነው፤ እኔ ከሕፃኗ ጋር እቀመጣለሁ» አለች። ባለቤቴ ደግሞ «እማማ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ጋቢና? ሰው ምን ይለናል?» ብላ ተከራከረች። ሁለቱ ሴቶች እንዲህ እየተገፋፉ ሳሉ ልጆቹ ሦስተኛው ረድፍ ውስጥ ገብተው ነበር። የ14 ዓመቷ ልጄ ቁመቷ እናቷን ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ሃይላንደሩ ውስጥ ስትቀመጥ ጉልበቷ ወንበሩን ይገፋ ነበር። ሃይላንደር በዚያው ወደቀ። ወንድ ልጄ ደግሞ የሕፃኗ መቀመጫ ሲታሰር ወደ ኋላ መግቢያው እንደሚዘጋ አሳየን። ሁለተኛው ረድፍ ሁለት ነጠላ ወንበር ብቻ ያለው ከሆነ በመካከላቸው ይታለፋል፤ ሦስት ሰው የሚይዝ አንድ ወጥ ወንበር ከሆነ ግን መንገድ የለም። አትላስ እዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ወንበሩ የሕፃኗ መቀመጫ እንደታሰረበት ወደ ፊት ይዘነበላል። የፓይለት ከፍተኛ ደረጃዎች ደግሞ የመካከለኛውን ወንበር ነቅሎ ከኋላ ወለል ስር መክተት ያስችላሉ። እነዚህን ያሰበ መሐንዲስ በእርግጥ ልጆች አሉት።

እኔ በሐቅ የምመክረው ሚኒቫን ነበር፤ ቶዮታ ሲዬና። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ እናቴ ማንም ሳይደግፋት ገባች። በሩ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሦስቱም ረድፍ ተዘርግቶ 33.5 ኪዩቢክ ጫማ የዕቃ ቦታ ይተርፋል፤ የእንግዳው ሻንጣም በርበሬውም ይገባል። ከ2021 ሞዴል ጀምሮ በሃይብሪድ ብቻ ስለሚሠራ በጋሎን 36 ማይል ያህል ይሄዳል። በየትኛውም መለኪያ ከላይ ከዘረዘርኋቸው ኤስ.ዩ.ቪ.ዎች ይሻላል ብዬ ለባለቤቴ ግማሽ ሰዓት አስረዳሁ። ሰምታኝ ስታበቃ «ሚኒባስ ተጋፍቼ ነው ያደግሁት። ሃያ ዓመት ሌሊት ሠርቼ ሌላ ሚኒባስ አልነዳም» አለችኝ። ከንቱ ውዳሴ ነው ብዬ ልመልስ ስል ስልኳን አውጥታ፣ ያው በ2023 ያ ተቋም የፈተናቸው አራት ሚኒቫኖች፣ ሲዬናም ጭምር፣ ለሁለተኛው ረድፍ ተቀማጭ አንዳቸውም አጥጋቢ ውጤት እንዳላገኙ አሳየችኝ። «ዶክተር፣ ይህንንስ አንብበኸዋል?» አለች። አላነበብሁትም ነበር።

የባለቤቴን «ሚኒባስ አልነዳም» በቀላሉ ልተወው አልችልም፤ የብዙዎቻችን ነውና። እኛ ባደግንባት አዲስ አበባ ከፍ ያለ መኪና የእርዳታ ድርጅትና የመንግሥት ነበር፤ ነጭ ላንድክሩዘር ሲያልፍ ሰው ይጠጋለታል። በኋላም «ቪ8» የሚለው ስም ከሞተር ስምነት አልፎ የሥልጣን ስም ሆነ። ዝቅ ብሎ፣ ተጠጋግቶ፣ ወያላ እየገፋው የሚሄደው ሰው ሌላ፣ ከላይ ወደ ታች የሚያየው ሰው ሌላ ነበር። ሜሪላንድ መጥተን ከፍ ያለ መኪና ስንገዛ የምንገዛው የዕቃ ቦታ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፤ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ በኤሌክትሪክ መኪና እየሄደ «አሁንም ቤንዚን ትቀዳለህ?» እያለ ይስቅብኛል። ባለሦስት ረድፍ ኤሌክትሪክ መኪና እዚህም አለ፤ ኪያ ኢ.ቪ.9 ጥሩ መኪና ነው። እኛ ግን የራሳችን የመኪና ማቆሚያ ስለሌለን ሌሊት የምንሞላበት ቦታ የለንም፤ የ7,500 ዶላሩ የፌደራል የግብር ቅናሽም መስከረም 30 ቀን 2025 አብቅቷል።

ከፍታው ሌላም ዕዳ አለበት፤ እርሱን የሚከፍለው መኪናው ውስጥ የሌለ ሰው ነው። በአሜሪካ መንገድ በመኪና ተገጭተው የሚሞቱ እግረኞች እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 4,100 ገደማ ነበሩ፤ በ2022 ከ7,500 በለጡ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ኮፈኖው ግን አንዱ ነው። ያ ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት የኮፈኖ ከፍታቸው ከ40 ኢንች የሚበልጥ መኪናዎች፣ 30 ኢንችና ከዚያ በታች ሆኖ ወደ ፊት ከሚያዘቀዝቁት ይልቅ የገጩትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው በ45 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነው። እናቴ በየጠዋቱ በእግሯ የምትሄድ ሴት ናት። በእያንዳንዱ መኪና ፊት የ4 ዓመቷን ልጄን አቁሜ ከመሪው ጀርባ ሆኜ አየኋት፤ በአንዳንዶቹ የጠጕሯ ጫፍ እንኳ አልታየኝም። ይህን ሙከራ በየትኛውም ግምገማ ውስጥ አላነበብሁትም፤ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ባለስድስት ሲሊንደሩ ፓይለትና ቴሉራይድ አራቱም ጎማ እየገፋ በጋሎን 21 ማይል ያህል ሲሄዱ፣ ግራንድ ሃይላንደር ሃይብሪድ 34 ይሄዳል። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 218 ጋሎን ያህል ነው፤ ጋሎኑን በ3 ዶላር ብናሰላው 650 ዶላር ገደማ። ወለዱ ግን ከዚህ ይበልጣል፤ 45,000 ዶላር በ7 በመቶ ለስድስት ዓመት ተበድሮ የሚገዛ ሰው በወር 767 ዶላር ያህል እየከፈለ ከ10,000 ዶላር በላይ ለባንክ ይሰጣል። ስለዚህ ስለ ሞተር የሚከራከር ሁሉ አስቀድሞ ስለ ወለዱ ይከራከር። አንድ ሻጭ ቤት ከተጻፈው ዋጋ በላይ ለጎማ ናይትሮጅን የሚል ተጨማሪ ክፍያ አገኘሁ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው ብዬ ነገርሁት። «ይህኛው ንጹሕ ነው» አለኝ። ወጣሁ።

በመጨረሻ የገዛነው ግራንድ ሃይላንደር ሃይብሪድ ነው። እኔ ሲዬና፣ ባለቤቴ ቴሉራይድ ስንል የተገናኘንበት ቦታ ነው፤ ሲዬና ያህል አይመችም፣ ቴሉራይድ ያህል አያምርም፣ ሦስተኛው ረድፉ ግን ትልቅ ሰው ይይዛል። ኮፈኖው ከምፈልገው በላይ ከፍ ያለ መሆኑን አውቄ ነው የገዛሁት። ለእናቴ ጉልበት የተገኘው መፍትሔ ከፋብሪካው አልመጣም። ቡና የምታፈላባትን በርጩማ ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ አኖርናት፤ ወንድ ልጄ በሩ ሲከፈት አውርዶ ያስቀምጣታል፣ አያቱ ረግጣ ስትወጣ አንሥቶ ይመልሳታል።

ድልድሉም በራሱ ጊዜ ተፈታ። እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ከሌሊት ሥራ እንደተመለሰች ጋቢናውን ለእናቴ ትለቅና ማንም ወደማያናግራት ወደ ሦስተኛው ረድፍ ትሄዳለች። ልጆቹ ከፊቷ ይንጫጫሉ። እርሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስክንደርስ ድረስ ትተኛለች።

ቸር እንሰንብት።